«በርማን እንግሊዝ ሠራት፣ በርማውያን አፈረሷት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ በርማ፣ ዛሬ ምያንማር ስለምትባለው አገር፣ የተጻፈ አንድ መጣጥፍ በአማርኛ አንባቢዎች ዘንድ በሰፊው እየዞረ ነው። ለእኔም ከአራት ሰዎች ደርሶኛል፤ አንደኛው «አንብበህ ተማርበት» የሚል ቃል ጨምሮ ነው የላከልኝ። አነበብሁት። የጸሐፊው ብዕር የሰላ ነው፣ ድካማቸውም ይታያል። ታሪኩ ግን ከሥሩ ተዛብቷል። ከተዛባው ታሪክ የተወሰደው መደምደሚያ ደግሞ አገራችንን የሚመለከት በመሆኑ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት በርማ የሚባል አገር አልነበረም፤ እርስ በርስ የሚፋጁ ጎሣዎችና አንድ ጨካኝ ንጉሥ ብቻ ነበሩ። እንግሊዞች ሕዝቡን ከዚህ ንጉሥ አላቀቁት። የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፣ ወደብ ሠሩ፣ አገሪቱን በዓለም ቀዳሚ የሩዝ ሻጭ አደረጓት። በ1948 «ያለ አንዲት ጠብታ ደም» ነጻነቷን ሰጥተው፣ ሙሉ ቤት አስረክበው ወጡ። በርማውያን ግን ራሳቸውን ማስተዳደር ባለመቻላቸውና የጥንት የጎሣ ጥላቻቸው በማገርሸቱ የተረከቡትን ቤት አፈረሱት። ስለዚህ፣ ይላሉ ጸሐፊው፣ ኢትዮጵያም ጥቂት አሥርት ዓመታት ቅኝ ብትገዛ ኖሮ ዛሬ የተሻለ ደረጃ ላይ በተገኘች ነበር።

እያንዳንዱን በተራው እመልሳለሁ። ዓመታቱ፣ ወሮቹና ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አገር አልነበረም» ከሚለው ልነሣ። በኢራዋዲ ወንዝ ዳር ባጋን የተባለች ጥንታዊት ከተማ አለች። ንጉሥ አናውራታ በ1044 ከነገሠ በኋላ ለሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ የአንድ ሰፊ መንግሥት መናገሻ ሆና ኖራለች። በሜዳዋ ላይ ዛሬም ከሁለት ሺህ በላይ የጡብ ቤተ መቅደሶችና ፓጎዳዎች ቆመው ይታያሉ። በእኛ አገር የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ሲፈለፈሉ በባጋንም ግንበኞቹ ሥራ ላይ ነበሩ። በ1113 ገደማ ያዛኩማር የሚባል ልዑል፣ በሞት አፋፍ ላይ ስለነበረው አባቱ ስለ ንጉሥ ቻንሲታ የወርቅ የቡድሃ ምስል አሠርቶ፣ የስጦታውን ነገር በአንድ የድንጋይ ዓምድ አራት ገጾች ላይ አስቀረጸ። አራቱም ገጾች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ቋንቋቸው ግን ፓሊ፣ ፒዩ፣ ሞንና በርማ ነው። ሚያዜዲ የሚባለው ይህ ጽሑፍ እስከ ዛሬ አለ። ከመፋጀት በቀር ሌላ የማያውቁ ጎሣዎች አንድን ቃል በአራት ቋንቋ አስማምተው በአንድ ድንጋይ ላይ አይጽፉም።

ከባጋን በኋላ የመጡት መንግሥታትም ቀላል አልነበሩም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ባይናውንግ ግዛቱን እስከ ዛሬዋ ታይላንድ ድረስ አስፍቶ ነበር። ከ1765 እስከ 1769 ድረስ የቻይናው የቺንግ መንግሥት አራት ጊዜ ጦር አዘመተ፤ አራቱንም ጊዜ ሳይሳካለት ቀረ። በየመንደሩ ያለው ገዳም ደግሞ ወንዶች ልጆችን ፊደል ያስቆጥር ነበር። እንግሊዞች ራሳቸው ባካሄዱት የሕዝብ ቆጠራ፣ ማንበብ በሚችሉ ወንዶች ብዛት በርማ ከሌሎቹ የእንግሊዝ ህንድ ክፍለ ግዛቶች እጅግ ትበልጥ የነበረው በእነዚህ ገዳማት ምክንያት ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር አለ። የዛሬው የምያንማር ካርታ ያኔ አልነበረም። የሻን መሳፍንት ለንጉሡ ይገብሩ ነበር እንጂ በእሱ ሹማምንት አይተዳደሩም። የበርማ ነገሥታትም ለጎረቤቶቻቸው ርኅሩኆች አልነበሩም፤ በ1757 የሞኖችን መንግሥት ደመሰሱ፣ በ1784 ጎረቤታቸው የነበረውን የአራካን መንግሥት ወርረው ማሃሙኒ የተባለውን ታላቅ የቡድሃ ምስል ማርከው ወሰዱ። ጸሐፊው «የበርማ ነገሥታት ወራሪዎች ነበሩ» ብለው ቢሆን እስማማ ነበር። ለመውረር ግን መጀመሪያ መንግሥት መሆን ያስፈልጋል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ሕዝቡን ከጨካኝ ንጉሥ ስለማላቀቅ። ጸሐፊው የሚያነሡት ንጉሥ ቲቦን ነው። ቲቦ በነገሠ በዓመቱ፣ በ1879፣ ዙፋኑን ይሻሙኛል የተባሉ ብዙ የንጉሣዊ ቤተሰብ አባላት፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ተገድለዋል። ይህ የሚካድ አይደለም፤ ዘግናኝ ነው። ይሁን እንጂ እንግሊዝ በርማን የያዘችው በሦስት ጦርነቶች ነው፦ ከ1824 እስከ 1826፣ በ1852 እና በ1885። ቲቦ የተወለደው በ1859 ነው። ሁለቱ ጦርነቶች አልፈው፣ የአገሪቱ ባሕር ዳርቻ በሙሉ ተወስዶ ሲያበቃ፣ ንጉሡ ገና አልተወለደም። በ1826ቱ የያንዳቦ ውል በርማ አራካንና ቴናሴሪም የተባሉትን የባሕር ዳርቻ ግዛቶች አስረክባ፣ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ እንድትከፍል ተፈርዶባታል። የ1852ቱ ጦርነት መነሻ ደግሞ የወደብ ከተማዋ የራንጉን ገዢ በሁለት የእንግሊዝ መርከብ አዛዦች ላይ የጣለው የገንዘብ መቀጮ ነበር። በዚህ መቀጮ ሰበብ ታችኛው በርማ በሙሉ ተጠቀለለ።

ሦስተኛውን ጦርነት ብቻ እንኳ ብንወስድ ነገሩ አይለወጥም። ግድያው የተፈጸመው በ1879 ነው፤ ጦሩ የዘመተው በኅዳር 1885 ነው። በመካከሉ ስድስት ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት የተለወጠው ምንድን ነው? በመናገሻዋ በማንዳላይ የነበረው ቤተ መንግሥት ከፈረንሳይ ጋር ውል ተዋዋለ። ቦምቤይ በርማ የተባለው የእንግሊዝ የእንጨት ኩባንያ፣ ከቆረጠው የቲክ ዛፍ የሚገባውን ቀረጥ አልከፈለም ተብሎ ከ2 ሚሊዮን ሩፒ በላይ ተቀጣ። ከጦርነቱ በፊት የተላከው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጠየቃቸው ነገሮች ይታወቃሉ፦ በኩባንያው ላይ የተጀመረው ቅጣት እንዲቆም፣ በማንዳላይ የእንግሊዝ እንደራሴ እንዲቀመጥ፣ በርማ የውጭ ግንኙነቷን በህንድ መንግሥት ምክር እንድታካሂድ፣ ወደ ቻይና የሚወስደው የንግድ መንገድ እንዲከፈት። በ1879 ስለተገደሉት ሰዎች በጥያቄዎቹ ውስጥ የተነሣ ነገር የለም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ልጨምር። ሕዝቡ ከንጉሡ በመላቀቁ ተደስቶ ከነበረ ለምን ተዋጋ? ማንዳላይ በሁለት ሳምንት ዘመቻ ተያዘች፤ ንጉሡና ንግሥት ሱፓያላት በበሬ ጋሪ ወደ ወንዙ ተወስደው በመርከብ ተጫኑ። ከዚያ በኋላ ግን ገጠሩ ተነሣ። እንቅስቃሴውን ለማዳፈን ከ30,000 በላይ ወታደርና የጦር ፖሊስ አስፈልጓል፣ ዓመታትም ወስዷል። የሸፈቱ ሰዎች መንደሮች ተቃጥለዋል፣ ገበሬዎች ከቀያቸው ተነቅለው በሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተገድደዋል።

የጽሑፉ ትልቁ ጉድለት ግን የቲቦን አባት ንጉሥ ምንዶንን ፈጽሞ አለማንሣቱ ነው። ምንዶን ከ1853 እስከ 1878 ነግሦ ማንዳላይን የቆረቆረ፣ የሹማምንትን ደመወዝ በሥርዓት ለማድረግ የጣረ፣ የቴሌግራፍ መስመር ያስዘረጋና የእንፋሎት መርከቦች የገዛ፣ በ1872 መልእክተኞቹን ወደ አውሮፓ የላከ ንጉሥ ነው። የቡድሃን ቅዱሳት መጻሕፍት በ729 የእብነ በረድ ጽላቶች ላይ አስቀርጿል። በ1874 በማንዳላይ በበርማ ቋንቋ ጋዜጣ ወጥቷል። ይህ ሁሉ የሆነው ሀብታሙ የባሕር ዳርቻ በሌላ እጅ ሆኖ፣ የሩዝ ገቢውም ተነጥቆ ነው። እንግሊዝ ባትመጣ ኖሮ በርማ ከዘመናዊ ሥልጣኔ ጋር አትተዋወቅም ነበር የሚል ሰው ምንዶንን ማስረዳት አለበት።

አሁን ወደ ሩዙና ወደ ባቡሩ። ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ስለሆነ ጊዜ ልስጠው። ቁጥሮቹ እውነት ናቸው። ከራንጉን ወደ ፕሮም የሚሄደው የመጀመሪያው ባቡር በ1877 ሥራ ጀምሯል፣ በ1889 ሐዲዱ ማንዳላይ ደርሷል። በታችኛው በርማ በ1850ዎቹ አንድ ሚሊዮን ኤከር ገደማ የነበረው የሩዝ መሬት በ1930ዎቹ አሥር ሚሊዮን ኤከር ገደማ ደርሶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አገሪቱ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ቶን ያህል ሩዝ ትልክ ነበር፤ በዓለም የሚወዳደራት አልነበረም። የስዊዝ ቦይ በ1869 መከፈቱ ገበያውን ወደ አውሮፓ አቀረበው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

የማልቀበለው «እንግሊዞች አደረጉት» የሚለውን ነው። ያንን ደን የመነጠረው፣ ረግረጉን ያጠነፈፈው፣ በወባና በእባብ መካከል ጎጆ ቀልሶ መሬቱን ወደ ማሳ የለወጠው ከላይኛው በርማ ወደ ታች የወረደው ገበሬ ነው። ለበሬ፣ ለዘርና እስከ አዝመራ ለሚበላው ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። አበዳሪዎቹ በአብዛኛው ከደቡብ ህንድ የመጡ ቼቲያሮች ነበሩ። እነዚህን ሰዎች በክፉ ማንሣት አልፈልግም፤ ብዙዎቹ ራሳቸውም ከባንክ የተበደሩ፣ ከመሬቱ ይልቅ ወለዱን የሚፈልጉ ነጋዴዎች ነበሩ። ሩዙን የሚገዙት ደግሞ ታላላቆቹ የአውሮፓ የወፍጮ ድርጅቶች ናቸው፤ በ1921 አራቱ ተስማምተው የመግዣውን ዋጋ በኅብረት መወሰን ጀመሩ። ገበሬው በአንድ በኩል ዕዳ፣ በሌላ በኩል ሌሎች የወሰኑት ዋጋ፣ በመካከሉ የነፍስ ወከፍ ግብር ነበረበት።

በ1930 የዓለም ገበያ ሲናጋ የሩዝ ዋጋ ወደቀ። ዕዳው ግን አልወደቀም። በዋናዎቹ 13 የሩዝ አውራጃዎች ቼቲያሮች በ1930 የያዙት መሬት 6 በመቶ ገደማ ነበር። በ1937 ግን 25 በመቶ ሆኗል። በሰባት ዓመት ውስጥ ማለት ነው። ደኑን መንጥሮ ማሳ ያደረገው ገበሬ ወይም ልጁ በዚያው ማሳ ላይ ጭሰኛ ሆነ። ጭሰኝነት ምን እንደሆነ በቋንቋችን ማስረዳት አያስፈልግም።

ጸሐፊው «ሀብታም አገር» ይላሉ። እኔ «የማን ሀብት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዘይቱ የስኮትላንድ ኩባንያ ነበር፤ እሱም ቢሆን እንግሊዞች ያገኙት አይደለም፣ በዬናንጃውን የበርማ ቤተሰቦች ጉድጓዱን በእጃቸው እየቆፈሩ ለብዙ ዘመን ሲያወጡት ኖረዋል። የወንዙ መጓጓዣ የስኮትላንድ ኩባንያ ነበር። የቲኩ እንጨት፣ የሩዙ ወፍጮ፣ ባንኩ፣ የመርከብ ድርጅቱ ሁሉ እንዲሁ። በርማ ከህንድ ተለይታ ራሷን የቻለች ቅኝ ግዛት የሆነችው በ1937 ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንደ አንድ የህንድ ክፍለ አገር ትተዳደር ስለነበር ሠራተኛው ከህንድ ያለ ገደብ ይመጣ ነበር። በ1931 ቆጠራ ከራንጉን ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሆነው ህንዳዊ ነው። ወደብ ላይ ሸክም የሚሸከመው የህንድ ድሀም ሆነ ሥራ ያጣው በርማዊ ይህን አሠራር አልመረጡትም፤ ሥራ ሲጠፋ ግን እርስ በርስ ተጋጩ። በ1930 እና በ1938 በራንጉን የተነሡት ደም አፋሳሽ ብጥብጦች ምንጫቸው ይህ ነው።

በታኅሣሥ 1930 በታራዋዲ የነበሩ ገበሬዎች ግብሩ እንዲቀነስላቸው ወይም እንዲዘገይላቸው ለምነው እምቢ ተባሉ። የቀድሞ መነኩሴና የባህል ሐኪም የነበረው ሳያ ሳን መሪያቸው ሆነ። በጎራዴና በጥቂት ጠመንጃ፣ ጥይት አይመታንም ብለው ክታብ አሥረው ወጡ። አመፁን ለማፈን ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ፤ ሳያ ሳን በ1931 ተሰቀለ፣ ከመቶ በላይ ሰዎችም ተሰቀሉ። ሀብታም በተባለችው አገር ሩዙን ያበቀለው ገበሬ እንዲህ ነበር የኖረው።

ይህም ወደ አራተኛው ነጥብ ያደርሰኛል። «ያለ አንዲት ጠብታ ደም» የሚለው ሐረግ ከጽሑፉ ሁሉ ያመመኝ ነው። ኡ ዊሳራ የተባለው መነኩሴ በእሥር ቤት ውስጥ የመነኩሴ ልብሱን እንዲለብስ ባለመፈቀዱ ለ166 ቀናት ምግብ ትቶ በመስከረም 1929 ሞተ። በታኅሣሥ 1938 በራንጉን የተማሪዎች ሰልፍ ላይ አውንግ ጆ የተባለ ተማሪ በፖሊስ ዱላ ተመትቶ ሞተ። በየካቲት 1939 በማንዳላይ ፖሊስ በሰልፈኞች ላይ ተኩሶ 17 ሰዎች ገደለ፤ ከሟቾቹ መካከል መነኮሳት አሉበት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የነጻነት ትግሉ መሪ አውንግ ሳንና ጓደኞቹ እንግሊዝን ለማስወጣት ከጃፓን ጋር ገቡ፤ ጃፓን በነሐሴ 1943 የሰጠችው ነጻነት ባዶ ስም መሆኑን ሲያዩ መጋቢት 27 ቀን 1945 ጠመንጃቸውን አዙረው በጃፓን ላይ ተነሡ። የሽምቅ ተዋጊ፣ የመንደር ሰው፣ ጃፓኖች ባሠሩት፣ «የሞት ሐዲድ» በተባለው የባቡር መስመር ላይ በግዳጅ ሲሠራ የወደቀ በርማዊ፤ ይህ ሁሉ ደም ነው።

እርግጥ ነው፣ በጥር 1947 በለንደን አውንግ ሳንና ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ የተፈራረሙት ስምምነት አስተዋይነት የታየበት ነው። የአትሊ መንግሥት ፈረንሳይ በቬትናም የሄደችበትን መንገድ አልሄደም፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ሐምሌ 19 ቀን 1947 ታጣቂዎች የካቢኔ ስብሰባ ላይ ገብተው የ32 ዓመቱን አውንግ ሳንንና ስድስት ሚኒስትሮችን ገደሉ። ያስገደላቸው ኡ ሶ የተባለ በርማዊ ፖለቲከኛ ነው፣ ተፈርዶበትም ተሰቅሏል። መሣሪያ በማቀበል እጃቸው ያለበት የእንግሊዝ መኮንኖች እንደነበሩም ታውቋል፤ አንዱ ታሥሯል። ነጻነት ጥር 4 ቀን 1948 ጎሕ ሳይቀድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከሃያ፣ ኮከብ ቆጣሪዎች በመረጡት ሰዓት ሲታወጅ፣ ያዋለደው ሰው መቃብር ውስጥ ነበር።

«ሙሉ ቤት» የተባለውስ? እንግሊዞች በ1942 ሲሸሹ ለጃፓን እንዳይቀር ብለው የዬናንጃውንን የዘይት ጉድጓዶች አወደሙ፣ የኢራዋዲን መርከቦች ራሳቸው አሰጠሙ። በ1945 ሲመለሱ የማንዳላይ ቤተ መንግሥት በውጊያው ተቃጠለ። (ለመመለስ ከተዋጉት መካከል ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከታንጋኒካ የመጡ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ በ1941 በእኛ አገር ጣልያንን የወጉ ናቸው።) ነጻነት ሲመጣ የሩዝ ንግዱ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ግማሽ አይደርስም ነበር። በርማ በአንድ ትውልድ ሁለት ጊዜ የሌሎች ጦር ሜዳ ሆና፣ ድልድይዋ ተሰብሮ፣ ወደቧ ፈርሶ ነው የተረከበችው።

የጎሣ ጥላቻ የሚለውን ክርክር ለመመለስ አንድ ዝርዝር ልጥቀስ። በ1939 በበርማ ቅኝ ጦር ውስጥ ከአገሪቱ አናሳ ሕዝቦች 1,448 ካረኖች፣ 886 ቺኖችና 881 ካቺኖች ነበሩ። ከሕዝቡ አብዛኛውን ቁጥር የሚይዙት የበርማ ብሔር ተወላጆች ስንት ነበሩ? 472 ብቻ። በራሱ አገር ጦር ውስጥ አብላጫው ሕዝብ እንዲህ ያነሰው በአጋጣሚ አይደለም፤ የምልመላ ፖሊሲ ነው። በዚህ ላይ አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ ትተዳደር ነበር፦ ሜዳው በምክር ቤትና በሕግ፣ ተራራው ደግሞ በየመሳፍንቱ በኩል። የሜዳውና የተራራው ልጆች በአንድ ምክር ቤት ተቀምጠው አልተከራከሩም፣ በአንድ ጦር ውስጥ ትከሻ ለትከሻ አልቆሙም። በ1942 የአውንግ ሳን ጦር አባላት በምያውንግምያ ካረኖችን ሲጨፈጭፉ፣ የገደሉት «የእንግሊዝ ወገን» ብለው ነው። ይህ የበርማውያን ኃጢአት ነው፣ አልሸፍነውም። ካረኑን የእንግሊዝ ጠመንጃ ያዥ፣ በርማዊውን ተጠርጣሪ ያደረገው ግን ማን ነው?

የጥንት ጥላቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፓንግሎንግ አይኖርም ነበር። የካቲት 12 ቀን 1947 የሻን፣ የካቺንና የቺን መሪዎች ከአውንግ ሳን ጋር በአንዲት የሻን ከተማ ተገናኝተው በአንድ አገር ለመኖር ፈረሙ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሻኑ መስፍን ሳዎ ሽዌ ታይክ ሆነ። ካረኖቹ ግን ታዛቢ ብቻ ልከው አልፈረሙም፤ በ1949 መጀመሪያ ጦርነቱ ራንጉን ደጃፍ ላይ፣ ኢንሴን ውስጥ ፈነዳ። የውሉ መሐንዲስ ሞቶ፣ ውሉን የሚጠብቅ አንድ ወጥ ጦር ሳይኖር፣ አገር በባዶ ግምጃ ቤት ተጀመረ። እንዲያም ሆኖ ጠቅላይ ሚኒስትር ኡ ኑ የመራው የሲቪል መንግሥት ምርጫ እያካሄደ ቆይቷል፤ በ1960ው ምርጫ አሸንፎ ከጦሩ እጅ ሥልጣን እስከ መረከብ ደርሷል። በርማዊው ኡ ታንት በ1961 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ሆነ። «ራሳቸውን ማስተዳደር አልቻሉም» የሚለው ፍርድ ይህን ሁሉ ይዘላል።

ከመጋቢት 1962 በኋላ ስለሆነው ግን ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ጄኔራል ኔ ዊን ሥልጣን ነጠቀ፣ በአራተኛው ወር ተማሪዎች ተገደሉ፣ የተማሪዎች ማኅበር ሕንፃ በፈንጂ ፈረሰ። ሱቅና ወፍጮው ሁሉ ተወረሰ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የህንድ ተወላጆች ባዶ እጃቸውን ተሰደዱ። በ1988 ሕዝቡ ሲነሣ ጦሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። በ2017 ከ700,000 በላይ ሮሂንግያ የተባሉ ሙስሊሞች ወደ ባንግላዴሽ ተባረሩ። በየካቲት 2021 ጦሩ እንደገና ሥልጣን ነጠቀ። ለዚህ ተጠያቂዎቹ የበርማ ጄኔራሎች ናቸው፤ በለንደን የሚሳበብ አይደለም። ጄኔራሎቹ ራሳቸው ለግፋቸው ሁሉ ቅኝ አገዛዝን ሲጠቅሱ መኖራቸውን አውቃለሁ። ጸሐፊው በጄኔራሎቹ ወንጀል ቅኝ ገዢውን ነጻ ሲያወጡ ግን የዚያኑ ክርክር ሌላውን ጫፍ መያዛቸው ነው። አንዱ ጥፋት ሌላውን አይሰርዝም።

እንዲያውም ጄኔራሎቹ የያዙት መሣሪያ ከየት እንደመጣ ማየት ይገባል። በ2018 ስለ ሮሂንግያዎች ግድያ የመረመሩ ሁለት ጋዜጠኞች የተፈረደባቸው በ1923 እንግሊዝ ባወጣችው የመንግሥት ምስጢር ሕግ ነው። የብሔር ታጣቂዎችን አገኛችሁ እየተባሉ ሰዎች የሚታሠሩበት ሕግ የ1908 ነው። የ1982ቱ የዜግነት ሕግ ደግሞ ለዜግነት መለኪያ ያደረገው አንድ ሕዝብ ከ1823 በፊት በአገሪቱ መኖሩን ነው፤ ይኸውም እንግሊዝ ጦርነት ከከፈተችበት ዓመት አንድ ዓመት በፊት። ሮሂንግያው በዚያች መለኪያ አገር አልባ ሆነ። ጸሐፊው «የተረከቡትን ቤት አፈረሱት» ይላሉ። ከተረከቡት ውስጥ ሳይነኩ ያቆዩት የእሥር ቤቱን ክፍል ነው።

በመጨረሻ ወደ እኛ እመጣለሁ። «ኢትዮጵያ ቅኝ ብትገዛ ኖሮ» የሚለውን ለመመለስ ሃሪ ፕረንደርጋስት የተባለ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ይበቃኛል። በ1868 በጄኔራል ናፒየር ጦር ውስጥ የመሐንዲሶች መኮንን ሆኖ ወደ መቅደላ ዘምቶ ነበር። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ማንዳላይን የያዘውን ጦር የመራው እሱ ነው። በሁለቱም ቦታ ቤተ መንግሥት ተዘረፈ፣ መጻሕፍትና መዛግብት ተወሰዱ ወይም ጠፉ። በሁለቱም ቦታ የንጉሥ ቤተሰብ በመርከብ ተጋዘ፤ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በእንግሊዝ አገር አረፈ፣ ንጉሥ ቲቦ በ1916 በህንድ ራትናጊሪ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ልዩነቱ አንድ ነው። ከመቅደላ ጦሩ ወደ መጣበት ተመለሰ። ከማንዳላይ አልተመለሰም።

ጸሐፊው «ባይመለሱ ኖሮ» ብለው የሚጠይቁት መልሱ በማንዳላይ ታይቷል። ጥር 1 ቀን 1886 አገሪቱ ወደ እንግሊዝ ግዛት መጠቅለሏ ታወጀ። ቤተ መንግሥቱ የጦር ሰፈር፣ አዳራሹ የመኮንኖች መዝናኛ ክበብ ሆነ። ዙፋኑ ጠፋ፤ መነኮሳቱን በሥርዓት ይይዝ የነበረው የፓትርያርክ ሥልጣን መንግሥት ስላልደገፈው ተዳከመ፤ በየአውራጃው በውርስ ያስተዳድሩ የነበሩ ባላባቶች ተሽረው በየመንደሩ ግብር ሰብሳቢ ጭቃ ሹም ተተካ። በርማውያን በ1948 የተረከቡት ባቡርና ወደብ ብቻ አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ፣ ዳኞቹና የጋራ ጦሩ የተወሰዱበት አገር ነው። እኛ ድህነታችንም፣ ጥፋታችንም፣ መንግሥታችንም የራሳችን ሆኖ ቆይቷል። ይህን እንደ ጉዳት የሚቆጥር ሰው ስለ በርማ ያነበበው ግማሹን ብቻ ነው።

ከማንዳላይ የተወሰዱት የንጉሡ ዕቃዎች በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከቆዩ በኋላ በ1964 ለበርማ ተመልሰዋል። በዚያው ሙዚየም ከነበሩት የመቅደላ ዕቃዎች ግን አብዛኞቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። ጸሐፊው ቀጣዩን ጽሑፋቸውን ስለዚህ ቢጽፉ በደስታ አነባለሁ። የአሁኑን ግን እንዲያርሙት እጠይቃቸዋለሁ፤ ሁሉንም ባይሆን እንኳ «ያለ አንዲት ጠብታ ደም» የሚለውን ሐረግ።